የክላሪ በጎች መንገድ ወጡ

ክላሪ በሞተር ሳይክሉ በጎቹን እየነዳ ወንዝ ዳር ያለው ማሳ በር ላይ ሲደርስ፣ ልጁ ሊኔት ፒክአፗን በሩ ላይ አስጠግታ አቁማ፣ ኮፈኑ ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች።

«አንሺው» አላት።

«አላነሳም።»

ከበሩ ወዲያ ደረቅ ቢጫ ሣር፣ እስከ ጉልበት። ከበሩ ወዲህ መሬቱ የተላጨ ራስ ነው። እዚህ ኮናምብል ወረዳ ዝናብ ከጠፋ ከርሟል፤ የጎረቤቱ አፈር ሁሉ ተነስቶ የሰው መስኮት ላይ ተለጥፏል። የሊኔት ማሳ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ዓመት በጎቹን ትንሽ እያስጋጠች፣ ቶሎ እያወጣች፣ ረጅም እያሳረፈችው ነው እዚህ የደረሰው። ሣሩ ከአየር የሳበውን ካርቦን በሥሩ ወደ ታች ያወርዳል፣ አፈሩ ይጠቁራል፣ የጠቆረ አፈር ደግሞ ውሃ ይይዛል። አሁን በጎቹ ቢገቡ በሳምንት ይነጩታል፤ ሥሩም አብሮ ይሞታል።

«ሣር ቆሞ በጌ ይራባል?» አለ ክላሪ። «ለማን ነው የምታስቀምጪው? ለሠርግሽ?»

«ለአፈሩ።»

«አፈር ሣር መብላት የጀመረው መቼ ነው?»

«እናንተ ማስራብ ስትጀምሩ።»

«አንቺ አየር አራሽ። እነዚህ እኮ የአያትሽ በጎች ዘር ናቸው።»

«መሬቱን የላጩትም አያቴ ናቸው፣ አባዬ።»

ክላሪ ዞሮ በጎቹን አየ። ከዚያ «እና ምን ይብሉ?» አለ።

«የአውራ ጎዳናው ዳር ሣር አለ። ፈቃድ አውጥቻለሁ።»

ፊቱ ቀላ። ሣር ያለቀበት ሰው መንጋውን መንገድ ዳር እየነዳ ማብላቱ ያለ ነው። ክላሪ ግን ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ «የኔ በግ የመንግሥት ሣር ቀምሶ አያውቅም» ሲል የኖረ ሰው ነው።

«እኔ ሞቼ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እነዳቸዋለሁ።»

የመኪናዋን ቁልፍ ኪሷ ከተተችና ወረደች። ለውሻዋ አፏጨች። በጎቹ ዞሩ። ክላሪ ተሳደበ፣ አልሰማችውም፤ አቧራው ውስጥ ገብታለች።

መንገድ ላይ ጎረቤታቸው ኬቭ መኪናውን አቀዘቀዘ። የበጎቹን ምልክት አየና «ሊኔት፣ ክላሪ ሞተ እንዴ?» አላት።

«ገና ነው። ተናዶ ነው።»

«ሣር አላችሁ እኮ። ትናንት ሳልፍ አይቻለሁ።»

«አለን። እንዲኖረን ነው የማንነካው።»

«አብደሻል። ከተማ ስገባ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

«ንገር። በሩ ጋ ያለችውን ፒክአፕ የሚነካ ሰው ካለ ደግሞ ለኔ ንገረኝ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከኋላዋ ሞተር ሳይክል ተሰማ። ክላሪ ነው። ፊቷን ሳያይ አጠገቧ ቆመ።

«አንካሶቹን ኋላ ጥለሽ መጣሽ።»

«አንድ ሰው ነኝ።»

«እስከ መቼ ነው እዚህ የምንንከራተተው?»

«እስኪዘንብ።»

«ባይዘንብስ?»

«እንሸጣቸዋለን። በሩ ግን አይከፈትም።»

«የአባቴን በጎች?»

«የአባትህን በጎች። በግ ይገዛል፣ አባዬ። የነፈሰ አፈር ከየት ይገዛል?»

ትልቅ የጭነት መኪና ክላክሱን እያንባረቀ አለፈ፤ ሹፌሩ እጁን አውጥቶ ክላሪን በስሙ ጠራው። ክላሪ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ሳበና አንካሶቹን ሊያመጣ ዞረ።