የአያ አላምረው ለቅሶ

ዳኜን የገደሉት ሐሙስ ማታ ነው። አርብ ጠዋት እኔ ቢሮ ገብቼ ታይፕ ስመታ ዋልሁ። ምን ላድርግ? የቀረ ሰው «ምነው ቀረሽ? ማን ሞቶብሽ ነው?» ይባላል፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ደግሞ ያኔ ጎንደር ውስጥ ደኅና አያድርም። ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መጋቢት ነበር። ልጇን የገደሉባት እናት እንኳ ከል መልበስና ደረት መምታት ተከልክላ በሯን ዘግታ ትውል ነበር። እኔማ ምኑ ነኝ? ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ይህንንም ከእናቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዳኜ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ጫማው ላይ ጠመኔ አይጠፋም። «ሰው እንዴት በእግሩ ይጽፋል?» እያልሁ እሥቅበት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት መንገድ ዳር ከተጣሉት ሬሳዎች መካከል የለየሁት በጫማው ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ የሚያልፈውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ያያሉ። ማን ደነገጠ፣ ማን አለቀሰ እያሉ። ቦርሳዬን ጭብጥ አድርጌ አለፍሁ። ወሽመጤ ቁርጥ ሲል ታውቆኛል፤ እግሬ ግን ወደ ቢሮ ሄደ።

እንባዬ የዚያን ቀን ደረቀ። መጀመሪያ «እሰይ፣ እንዲያውም ይሻላል» ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ፣ ትራስ አፌ ላይ ይዤ ላልቅስ ብልም እምቢ አለኝ። ከዚያ ሰውነቴ አንድ በአንድ ይከዳኝ ጀመር። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተቀርቅሮ እንጀራ አላሳልፍ አለ። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣል። የቀኝ እጄ ጣቶች ታይፑ ላይ ይደነዝዛሉ፤ አለቃዬ «ስሕተት በዛ» ብሎ ሁለተኛ ካየ እንደሚያሰናብተኝ ነገረኝ። የወር አበባዬም ቀረ፤ ለዚህ እንኳ የሰፈር ሐሜተኛ አልቦዘነም፣ «ይርገዱ አርግዛለች» ተባለ። ወይ ጉድ! በየትኛው ሆዴ? ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ አጥብቄ የምሄድ ሰው!

እናቴ ምች ነው አለች። ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ፌጦ በሎሚ ቀባችኝ። ትርፉ ጠረኑ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጠበል ወሰደችኝ። እዚያማ የሚጮኸው ይጮኻል፣ የሚያለቅሰው መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል፤ እኔ ቀዝቃዛ ውኃ እየወረደብኝ ዝም። አንዷ ሴትዮ እሪ ስትል ቀናሁባት። በሰው እሪታ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ።

ሐኪም ቤትም ሄድሁ፤ ሐኪሙ ራጅ አስነሣኝ፤ ደረቴ ንጹሕ ነው። ወጣት ሐኪም ነው፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ። «ሰው ሞቶብሽ ያውቃል?» አለኝ። «የለም» አልሁት። በሩን አየው፣ እኔንም አየኝ። «በቅርቡ ማለቴ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልሞተብኝም አልሁህ!» ብዬ ጮኽሁበት። እሱም ቫይታሚን ጻፈልኝ፤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እዚህ የለንም፣ እህቴ» አለኝ። አልተቀየምሁትም። ሁለታችንም ደክሞን ነበር።

ግንቦት ላይ አክስቴ እታገኘሁ ከጎንደር በላይ ካለው ከኮሶዬ ሰው ላከች፤ ጎረቤቷ አያ አላምረው አርፏል፣ ይርገዱ ትምጣ ብላ። እኔ አያ አላምረውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። «ምን ቆርጦኝ!» አልሁ። እናቴ ግን ነጠላዬን አቀበለችኝ። ለአለቃዬ አጎቴ በሕመም ሞተ አልሁት፤ ፈቀደልኝ። አልጋው ላይ ለሞተ ሽማግሌ ይፈቀዳል።

አክስቴ ማኪናው ካወረደኝ ቦታ ተቀበለችኝ፤ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። «አፈር ልብላልሽ፣ አጥንትሽ ወጣኮ!» አለች። ከዚያም በጆሮዬ፦ «ስሚኝ ልጄ። ለቅሶ ላይ ማንም የራሱን ሰው ነው የሚያለቅስ። አንቺም አያ አላምረው እያልሽ፣ በሆድሽ የፈለግሽውን አልቅሺ። ስም ብቻ እንዳትስቺ፤ ካድሬ አለ።»

እውነትም አለ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ለገበሬ ማኅበሩ የተመደበ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ልጅ ነው፤ ከወንዶቹ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሴቶቹን ያያል። ቀብሩ ተፈጽሟል። የአያ አላምረው ጋቢና ዱላ መሐል ተዘርግተዋል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ይቀበላሉ። ሚስቱ እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ገና አፋቸውን አልከፈቱም። ብርድ ነበር፤ ጉም ከገደሉ እየወጣ በመካከላችን ያልፋል።

ገብቼ ቆምሁ። ደረቴን ቀስ ብዬ መታሁ። «አያ አላምረው» አልሁ፤ ምንም የለም፣ እንጨት ነኝ። አሁንም መታሁ። ዓይኔ ከዱላው ላይ አረፈ፤ እጀታው ላይ የእጁ ወዝ ታትሞ ጠቁሯል። ያን ሳይ ጠመኔ የነካው ጫማ ፊቴ ድቅን አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላዘዝሁትም።

«ዳኜ! ዳኜዋ! ዳኜ የኔ ጌታ!»

ሴቶቹ ቀጥ አሉ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አክስቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ጉዴ ፈላ፣ አልሁ በልቤ፤ እኔ አልቄያለሁ፣ አክስቴን ግን ምን በወጣት!

ካድሬው ተነሣ። «ሟቹ አላምረው አይደለም እንዴ?» አለ። «ዳኜ ማነው?»

እማማ ብርቄ እኔን አዩኝ፤ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፤ የታጠፈውን ቀሚሴን፣ መርፌ ቁልፉን። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ዳኜማ ባሌ ነው» አሉ። «ሙሽራ ሳለሁ እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። እኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራ። በዚህም ፈቃድ ልጠይቅ ነው?»

ካድሬው ወንዶቹን አየ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «አዎ፣ ዳኜ ነው የቤት ስሙ።» ልጁ አላመነም፤ ግን ምን ያድርግ፣ ያገር ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሆነበት። «እስቲ ቀጥሉ» ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን እማማ ብርቄ ላይ ተከለ። እሳቸውም ደረታቸውን መትተው «ዳኜ!» አሉ። አልቃሿ ተቀበለች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ያ የኮሶዬ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ዳኜ፣ ዳኜ፣ ዳኜ እያለ ዋለ። እናቱ ያልጮኸችለትን ልጅ የማያውቁት ሰዎች ጮኹለት። እኔማ ከሆዴ ሥር እየተነቀለ ሲወጣ መቆም አቃተኝ፤ መሬት ላይ ወድቄ፣ ድምፄ እስኪዘጋ፣ አፍንጫዬ እስኪደማ አለቀስሁ።

ከዚያ ንፍሮ ታደለ። እፍኝ ያህል አፌ ውስጥ ከተትሁ፤ ወረደ። ጉሮሮዬን በእጄ ያዝሁት፣ እውነት አልመስል ብሎኝ። አክስቴ ቤት ገብቼ እንደ ሬሳ ተኛሁ።

ድኛለሁ አልልም። ደረቴ አሁንም ከበድ ከበድ ይለኛል። ግን በማግሥቱ ጠዋት ርቦኝ ነቃሁ፤ ሲርበው ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ከሆነ እኔ ነበርሁ።

ልሰናበታቸው እማማ ብርቄ ዘንድ ሄድሁ። እግራቸው ሥር ወድቄ ልስም ስል አነሡኝ። ፊታቸው ደርቋል፤ እንባ የነካው አይመስልም።

«ስሙን ጠርቼው አላውቅም» አሉኝ። «አንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ከአፌ አልወጣም። አንተ ነው የምለው። ሲሞት እጠራዋለሁ፣ ያን ቀን ማን ይከለክለኛል ብዬ ነበር፤ እሱም ቀን ዳኜ ስል አለፈ።» ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ። «አይዞሽ፣ አልቆጨኝም። ግን በአርባው ነይ። እሱ ቁጡ ነበር፣ ወሬ አይወድም፣ ድንች በጨው ይወድ ነበር። ሲበርደኝ ጋቢውን ይደርብልኝና የተኛ ያስመስላል። ይኸው ነው። እወቂውና አልቅሺልኝ።»

በአርባው ሄድሁ። ካድሬው ወደ ሳንጃ ከተማ ተዛውሮ ነበር። ዝናብ ነው፣ ሰውም ጥቂት። እማማ ብርቄ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንግዳ ያስተናግዳሉ እንጂ ድምፃቸው የለም። አክስቴ ስታያቸው «ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አይወርድላትም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ያን በሽታ አውቀዋለሁ።

ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ደረቴን መታሁ። «አላምረው! ጋቢውን ገፎ የሚያለብሰው! ተኝቻለሁ ብሎ የማይተኛው! አላምረው!» አልሁ። ለዓይኔ እንኳ ላላየሁት ሰው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እማማ ብርቄ ቀና አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እንደሚያፍር ሰው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና መልሰው አነሡት።

«አላምረው» አሉ።