እትዬን ማን ይጎትታቸው

ልብስ ሰፊው ከቤቱ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሁለት ጎማ የሚሄድ።

የስፌት ክፍሉ ከሳሎኑ የሚለየው በመጋረጃ ነው። መጋረጃውን የሰፋው ራሱ ነው። ወፍራም ጨርቅ መርጦ፣ ገበር ደርቦ፣ ጠርዙን አጥፎ ነው የሰፋው፤ ድምፅ ግን ገበር አያግደውም። ከመጋረጃው ወዲያ አማቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የስፌት መኪናውን ያዳምጣሉ። መኪናው ሲሠራ ዝም ይላሉ። መኪናው ሲቆም፣

«ምነው ዝም አልክ?» ይላሉ።

«ክር እየቀየርኩ ነው እማማ።»

«እኔ ደግሞ የከፋህ መስሎኝ።»

ሚስቱ ይሄን ጊዜ ከጓዳ ብቅ ትላለች። «ምን ሆንኩ ነው የሚለው?»

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ምንም እንዳልሆነ ለሁለቱም በየተራ ማስረዳት ነው። የሰው ሱሪ ወገቡን ሲያሰፋ የሚውል ሰውዬ፣ ለራሱ የምትሆን የጣት ስፋት አጥቶ ይኖር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን እትዬ አሉ።

እትዬ ሞተር ብስክሌት ናቸው። ልብስ ሰፊው የገዛቸው ከማግባቱ በፊት ነው፤ ያኔም ልጅ አልነበሩም። ስሙን ያወጣችላቸው ሚስቱ ናት። ለማሾፍ ያወጣችው ስም ቤቱን ሁሉ በአንቱታ አስያዘውና፣ «እትዬ ዛሬ ተነሡ?» ይባላል፤ «ጉንፋን ይዟቸዋል» ይባላል። እውነትም ሲነሡ ይስላሉ። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ምሳውን በልቶ፣ እትዬን በብዙ ልመና ቀስቅሶ፣ ከከተማው ወጥቶ፣ ድልድዩን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ታች የድሮ የድንጋይ ካባ አለ። ሦስቱ ወገን የተጠረበ ገደል ነው፣ አንዱ ወገን ወደ ሜዳው ክፍት ነው። ድንጋይ አውጪዎቹ ትተውት የሄዱት የሲሚንቶ መደብ አለና እሱ ላይ ይቀመጣል። ሜዳውን ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳል።

«እዚያ ሄደህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ምንም።»

«ምንም ለመሥራት ይሄ ሁሉ ቤንዚን?»

ቦታው የት እንደሆነ ነግሯት አያውቅም። ስትጠይቀው «ከድልድዩ ወዲያ» ይላል። ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ የዓለም ግማሽ ነው ያለው።

ችግሩ የመጣው በደራሽ ነው። ደራሽ ባልና ሚስቱ «ጋሼ» የሚሉት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፒክአፕ አለው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሰው በተቸገረበት ሁሉ ፈጥኖ ስለሚደርስ ነው። ስም አውጪው ሳያነሣው ያለፈው ነገር ቢኖር፣ ደራሽ ከደረሰ በኋላ የማይሄድ መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ደርሶላቸው ነበር። ቧንቧው ከተጠገነ ቆየ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቧንቧው ደህና መሆኑን ለማየት ጎራ ይላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ።

እትዬ በቅርቡ የገበያው አደባባይ ላይ ቀጥ ሲሉበት፣ ልብስ ሰፊው ገና ወርዶ ሳያያቸው ደራሽ ደርሶ ነበር። እትዬን በገመድ ከፒክአፑ ጀርባ አሰረ። ልብስ ሰፊው መሪውን ጨብጦ ከኋላ፣ ደራሽ ደግሞ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ለሚያውቀው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ከፊት፣ ከተማውን አቋርጠው ገቡ። ደራሽ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ለእያንዳንዱም ይቆማል፣ «አማቼን እየጎተትኩ ነው» ብሎ ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ ወሬው በየማዕዱ ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ገመዱ ይቀጥናል፣ ዝናብ ይጨመራል፤ ሜዳ የነበረው መንገድም ዳገት አወጣ።

በመጨረሻ ሚስቱ ቁርጡን ነገረችው።

«ወይ ሲቆሙ ጎትቶ ቤት የሚያደርሳቸው ኢንሹራንስ ግባላቸው፣ ወይ እትዬ ዕቃ ቤት ይግቡና ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ውጣ። እሱም ብቻውን ነው።»

ብቻውን የሆነው ለምን ይመስልሻል ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። መጋረጃውን አየና ተወው። የደራሽ ፒክአፕ ውስጥ ሬዲዮ የለም፤ አስፈልጎትም አያውቅም።

በማግስቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደ። መስኮት የሌለበት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ባዶ መንገድ ላይ የሚበር ቀይ መኪና ተለጥፏል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ናት።

«መኪናው ስንት ዓመቱ ነው ጋሼ?»

«ሞተር ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ዕድሜያቸውን ሲነግራት ደግሞ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የመንገድ ላይ እርዳታ ሽፋን ሦስት ዓይነት አለን» አለችው። «መለስተኛው፣ ባትሪ ከሞተ መጥተን እናስነሣለን፤ ቤንዚን ካለቀ እናመጣለን፤ ጎማ ከተነፈሰ እንለጥፋለን። መጎተት ግን የለበትም።»

«የሚጎትተውስ?»

«መካከለኛው ይጎትታል፤ ግን ያረጀ አይቀበልም። የእርስዎ…» ቃል ፈለገች። «የእርስዎ ትልቅ ናቸው። ለእርስዎ የሚሆነው ሙሉው ነው። ያረጀም ቢሆን እንጎትታለን፤ በመንጠቆ ሳይሆን ጠፍጣፋ መኪና ላይ ጭነን፣ ያሉት ቦታ እናደርሳለን። አሮጌ ሞተር በመንጠቆ ሲንጠለጠል መሪው ይጣመማል።»

ልብስ ሰፊው እትዬ ጠፍጣፋ መኪና ላይ እንደ እመቤት ተቀምጠው ታዩት። «እሱን አድርጊልኝ።»

«አሮጌ ሞተር ግን ለብቻው አይገባም። በቤተሰብ መኪና ላይ ተደርቦ ነው፣ በባለ መኪናው ስም። ቤተሰብ ውስጥ መኪና ያለው ሰው አለ?»

ልብስ ሰፊው ቀዩን መኪና አየ።

«ከሌለም ግድ የለም…»

«አለ።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው።»

«ቀላል አይደለም» አለ።

ልጅቷ ያልገባው መስሏት አብራራችለት። እሱ እርዳታ በጠራ ቁጥር ለባለ መኪናው በስልክ መልእክት ይሄዳል፤ የት እንደቆመም አብሮ ይነገረዋል። ባለ መኪናው እሺ ሲል ጎታቹ ይላካል።

«እሺ የማይል ዘመድ ነው እንዴ?» አለችው፣ ፊቱን አይታ።

«እሱስ እሺ ይላል። እሺ ብሎ ራሱ ነው የሚመጣው።»

መልእክቱ ታየው። ከካባው ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ የደራሽ ኪስ ውስጥ ሲገባ። ቦታው፣ መንገዱ፣ ሰዓቱ።

«በመለስተኛው ለማን ነው መልእክት የሚሄደው?»

«ለማንም።»

«ለሚስትም?»

«ለማንም ጋሼ። ለእርስዎ ብቻ።»

«እሱን አድርጊልኝ።»

«እሱ አይጎትትም፤ ልብ ይበሉ።»

«ልብ ብያለሁ» አለ። ልብ ያለው ግን «ለማንም» የሚለውን ነበር። ጨርቅ ሲገዛ ገልብጦ ጀርባውን ሳያይ የማይከፍል ሰው፣ ያን ቀን ፊቱን ብቻ አይቶ ገዛ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ገባህላቸው?»

«ገባሁላቸው። ሲቆሙ ይመጣሉ።»

«መምጣታቸውን አይደለም የጠየቅኩህ። ይጎትታል?»

ከመጋረጃው ወዲያ የአማቱ ወንበር መንቋቋቱን አቆመ።

«ይጎትታል» አለ።

ደራሽ ሲሰማ አንጀቱ ቆሰለ። «እኔ እያለሁ ባዕድ? ገመዴ ምን አጠፋ?» አለ። ቢሆንም ቂም አልያዘም፤ ገመዱን አጥቦ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ለማንኛውም ብሎ።

ቅዳሜ ደረሰ። እትዬ ያለ ወትሯቸው በአንድ ርግጫ ተነሡ። ልብስ ሰፊው ካባው ውስጥ ወርዶ፣ ከገደሉ ስንጥቅ ውስጥ የሸሸጋትን መቀመጫ አወጣ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ፣ ጥጥ ጠቅጥቆ የሰፋት ናት። መደቡ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠባት። ሜዳውን አየ። የሆነ ወፍ የሆነ ነገር አለ። ማንም ምን እያሰብክ ነው አላለውም፤ ስለዚህ ምንም አላሰበም።

መመለሻው ሲደርስ እትዬን አስነሣ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ። ከሥር «ጠጭ» አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ጎንበስ ቢል፣ ካቴናው፣ ሞተሩንና የኋላ ጎማውን የሚያያይዘው ሰንሰለት፣ እንደ ሞተ እባብ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ልጅቷ የሰጠችው ቁጥር ላይ ደወለ። እውነትም መጡ። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ከኋላው ሳጥን የታሰረበት አዲስ ሞተር ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

«ባትሪ ነው?»

«አይደለም።»

«ቤንዚን?»

«ሙሉ ነው።»

«ጎማስ?» አለ ሰውዬው፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

«ጎማቸው ደህና ነው። ካቴና ነው።»

ሰውዬው አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ካቴና ውስጥ የለንበትም ወንድሜ። እሱን ተወው፣ የዚህች ማያያዣ ዛሬ ገበያ ላይም የለም።» ዙሪያውን ገደሉን አየ። «አንተ ደግሞ የማትወጣበት ገብተህ ነው የተበላሸብህ።»

ሁለቱ ሆነው ዳገቱን ሊገፏቸው ሞከሩ። እትዬ ክብደታቸውን የሚያውቁ ናቸው፤ ትንሽ ወጡና፣ አስበውበት፣ ሁለቱንም ይዘው ተመለሱ።

«ከኋላዬ አፈናጥጬህ ልውጣ፣ እሷን ጠዋት ትወስዳታለህ» አለ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ።

«እዚህ ይደሩ?»

«ማደሩንስ ታድራለች። የብረት ለቃቃሚዎቹ ጋሪ ጠዋት እስኪመጣ ነው።»

ልብስ ሰፊው የእትዬን መሪ ጨበጠ። ሰውዬው እንዲሁ መሄዱ ሕሊናውን ቆጠቆጠው መሰለኝ፣ ሳጥኑን ከፍቶ መንፊያ አወጣና የእትዬን ሁለት ጎማ፣ ምንም ያላጎደሉትን፣ ጥርቅም አድርጎ ነፋ። «መጥተን እርዳታ ሰጥተናል» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ስልኩ እጁ ላይ ነው። ደራሽን ካልጠራ እትዬ የሉም። ከጠራ ካባው የለም። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ቀድሞ ፀጥታ የነበረው ገደል አሁን ዝም ብሎ የቆመ ግድግዳ ሆነበት። እትዬን አያቸው፤ በተነፋ ጎማቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ለሽርሽር የተሰናዱ ይመስላሉ። ደወለ።

«ጋሼ።»

«የት ነህ?» አለ ደራሽ።

ቦታውን ነገረው። ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ድልድዩን፣ ከዚያ በስተግራ የወደቀውን ታፔላ፣ ቁልቁለቱን። እየተናገረ ሳለ አንድ ነገር ከእጁ የሚወጣ፣ ሌላ ሰው ቤት የሚገባ መሰለው።

«ኢንሹራንሶቹስ?»

«መጥተው ነበር።»

«እና?»

«ጎማ ነፍተው ሄዱ።»

ደራሽ ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ደራሽ ዝም ሲል የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከደስታ ብዛት ነበር።

ፒክአፑ ሲደርስ ጋቢናው ሙሉ ነው። መሪው ላይ ደራሽ፣ መሐል ላይ አማቱ ትራስ ደግፈው፣ ዳር ላይ ሚስቱ ፔርሙስ ታቅፋ። ወረዱ። ልብስ ሰፊው ጩኸት ጠበቀ።

«ይጎትታል አልከኝ» አለች ሚስቱ።

«አልኩ።»

ዞር አለች። ሜዳውን አየች። ከዚያ መደቡ ላይ የቀረችውን መቀመጫ አየች። አንሥታ ስፌቷን በጣቷ ዳሰሰች። የእሷ የድሮ ቀሚስ ቁራጭ አለባት፣ የእማማ መጋረጃ ትርፍም አለባት።

«ለአንድ ሰው ነው የሰፋሃት» አለች።

«ለአንድ ሰው ነው።»

መልሳ ዘረጋቻትና ተቀመጠችባት። አማቱም ልጃቸውን ትንሽ ገፋ አድርገው ከጎኗ ተቀመጡ።

«አየሩ እንዴት ደስ ይላል» አሉ እማማ። «እንዲህ ያለ ቦታ ይዘህ ነው እኛን ቤት ውስጥ አፍነህ የምትውለው?»

ደራሽ ካባውን በርምጃ እየለካ ነበር። «እዚህ ጋ ፒክአፑን አቆማለሁ። ከዚህ እዚያ ሸራ እንወጥራለን። ወንበር ከእኔ። በየቅዳሜው ነው እንግዲህ» አለ።

«አንተ ደግሞ ይቺን አስፋት» አለች ሚስቱ ለባሏ፣ መቀመጫውን መታ መታ አድርጋ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር። «ለአራት ሰው ትሁን። ሰኞ ደግሞ ሄደህ እትዬን ከጋሼ መኪና ጋር ታስገባቸዋለህ። ሙሉውን።»

«እሺ» አለ ልብስ ሰፊው። ፔርሙሱን ከእጇ ተቀበለ።

ሻይ ተጠጣ። ሲጨርሱ እትዬን ሆ ብለው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ጫኗቸው፤ ደራሽ በታጠበው ገመድ አሰራቸው። ልብስ ሰፊው ቋጠሮውን አየና ፈጠን ብሎ፣ «ገመድ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ቢይዛቸው ነው የሚሻለው። እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አለ። ማንም አልተቃወመም፤ ጋቢናውም ቦታ አልነበረውም።

ፒክአፑ ዳገቱን ወጣ። ልብስ ሰፊው የእትዬን መሪ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠ። ካባው እያነሰ ሄደ፤ መደቡ የጥፍር ያህል ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ነፋሱ ሸሚዙን ይነፋዋል። ወሬያቸው በመስታወቱ ውስጥ ታፍኖ ቀርቷል። እዚህ፣ ከብረቱና ከገመዱ መሐል፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቦታ እንዳለች ልብ አለ። ትከሻውን ለቀቀ። ዓይኑን ጨፈነ።

ከጀርባው የጋቢናው ትንሽ መስታወት ተንሸራተተ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ አማቱ።

«እትዬን ይዤ ነው እማማ።»

«እኔ ደግሞ የከፋህ መስሎኝ።»

መስታወቱ እስኪዘጋ ጠበቀ። አልተዘጋም።