ስም የሌለው መርዶ

በቶንጋ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ ባለው መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ዘንድሮ ኮምፒውተሮቹን ሦስት ጊዜ አጽድቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቫይረሱ የገባው በኢሜይል በመጣ የመርዶ ፋይል ነው። "ላኪውን ካላወቃችሁት አትክፈቱ" ብዬ ብዬ ደከመኝ። እዚህ ቶንጋ ለቅሶ ሳይደርሱ ሰው ፊት መቆም ስለማይቻል ማንም አይሰማኝም።

ሰዉን መለወጥ ሲያቅተኝ መርዶዎቹ የሚከፈቱበትን የፒዲኤፍ ፕሮግራም ለወጥኩት። ሳምንት ሙሉ ስፈትሽ ከርሜ፣ ጽሑፍና ሥዕል ከማሳየት በቀር ሌላ ምንም የማያደርግ ፕሮግራም መረጥኩና አሮጌውን ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ አጠፋሁ።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊያችን እትዬ ፋኔ ጠሩኝ። ጥቁር ለብሰው፣ በቶንጋ ወግ ለቀስተኛ የሚታጠቀውን ሰሌን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ጨርሰዋል።

"ልጄ፣ መርዶ መጥቶ ስሙን አላሳይ አለኝ።"

አየሁት። ባዶ ገጽ ላይ "የሟቹን ስም ለማየት እዚህ ይጫኑ" ይላል። እሳቸው ደጋግመው ተጭነውታል፤ ፕሮግራሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ማንም አልሞተም እትዬ። የላኩት ሌቦች ናቸው። አዲሱ ፕሮግራም ነው ያዳነን።"

"ያንተ ፕሮግራም ስም ማንበብ ስላቃተው ሰው አልሞተም ትላለህ?"

ቦርሳቸውን አነሱ።

"እኔ ሰፈር ለሰፈር ጠይቄ ለቅሶ ቤቱን አገኘዋለሁ። አንተ ግን እስክመለስ አሮጌውን መልሰህ ጫንልኝ።"