የፈረመ ይሳፈር

አፍንጫው የተጨፈለቀው የከተማ ባቡር ፉርጎ ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ በያጇ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ አየችው። ታናሽ ወንድሟ ሲነዳው የነበረ ነው። ጣቢያ ላይ የቆመ ባቡር ከኋላ ገጭቶ አራት ተሳፋሪ ሞተ። «ፍሬኑን ሳብኩት፣ አልያዘም» ቢል ማን ሰምቶት! ታሰረ። የጋራዡ አለቃ «የፍሬኑ ሸራ በዚያው ሳምንት ተቀይሯል» ብሎ የፈረመበትን ወረቀት ለመርማሪዎቹ ዘረጋ፤ በቃ።

«አፍንጫውን አቃኑና ቀለም ቀቡት» አለ አለቃው። «ከሥር አትነካኩ፣ ደህና ነው።»

እሷን አትንኪ ማለት ንኪ ማለት ነው። ሰው ምሳ ሲወጣ ከሥር ገብታ ሸራዎቹን ፈታች። አልቀው ብረቱ ከብረት ሲፋጭ ኖሯል። አዲስ ከመጋዘን አምጥታ ገጠመች፤ አሮጌዎቹን በመሣሪያ ቦርሳዋ ከተተች። ይህን ያየ ቀለም ቀቢው ብቻ ነው።

«ወስደሽ ለመርማሪዎቹ አታሳዪያቸውም?»

«አለቃው የነጂው እህት ከየትም አምጥታ ነው ቢልስ? በገዛ አፉ ነው የማስለፈልፈው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቂምሽ ከብየዳሽ ይጠነክራል።»

«ብየዳዬን ምን አገኘኸው?»

ሦስት ሳምንት ላሜራ ቆረጠች፣ በየደች፣ ሞረደች። አለቃውን ባየች ቁጥር «ደህና አደሩ» ትለዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጋራዡ የቆየ ደንብ አለው፤ የተጠገነ ፉርጎ ሲሞከር የፈረመለት ሰው ከነጂው ጎን ቆሞ ይሄዳል። ይህ አለቃ ከመጣ ወዲህ ወገቤን እያለ አስረስቶታል። የሙከራው ቀን መርማሪዎቹ ባሉበት፣ ከሥር ዝቅ ብሎ እንኳ ሳያይ ፈረመ።

«እንግዲህ ይሳፈሩ፣ አለቃ» አለች በያጇ ጮክ ብላ።

«ወገቤን...»

«ቆመው ነው የሚሄዱት። የፍሬኑን ሸራ እንደሆነ፣ እንዳሉኝ አልነካሁትም። አዲስ ነው ብለው የፈረሙበት አይደል?»

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። የሙከራው ነጂ ሞተሩን አስነሳ። ቀለም ቀቢው ሳቁን በቀለም ጨርቅ አፈነ።

«ይሳፈሩ እንጂ!» አሉ አንደኛው መርማሪ።

«አብዳችኋል? በዚያ ያለቀ ሸራ ማን...» አለና አፉን ያዘ። ረፈደበት።

«ያለቀ?» አሉ መርማሪው፣ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው እያወጡ።

በያጇ ቦርሳዋን ገልብጣ ሸራዎቹን አለቃው እግር ሥር ዘረገፈቻቸው።

«አዲስ ገጥሜለታለሁ፤ አንተ እንዳደረግከው ሰው አላስጨርስም። አሁን ግባ! የፈረመ ይሳፈራል።»

ገባ። እሷም ከጀርባው ቆመች። በሁለት እጁ ብረቱን ጨምድዶ ይዞ ላቡ በአንገቱ ወረደ። የመጀመሪያው ጣቢያ ደረሱ፤ ባቡሩ ቀጥ አለ። ጆሮው ድረስ ተጠጋችና፣

«ያዘ?» አለችው።

ሁለተኛው ላይ፣ «ያዘ?»

መንገዱ አሥራ አንድ ጣቢያ ነበረው፤ አንዱንም አልዘለለችለት።