አርባ አንድ ተይዟል

አልለቅም፣ አርባ አንድን አልለቅም፣ ይኸው ቁጥሩን የምለቅበት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል፣ ከታች የፊርማ መስመር፣ አለቃዬ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጎልኛል፣ እዚህ ጋ ለማለት፣ ማንበብ የማልችል ይመስል። ነገ ጠዋት እንግዶች ይመጣሉ፣ የሆስፒታሉ አዲስ የቀጠሮ ፕሮግራም ይመረቃል፣ እስከ ስድስት ሰዓት ፈርመሽ አምጪልኝ ብሎኝ ወጣ። አሁን አምስት ተኩል። ከግድግዳው ጀርባ የሰርቨሮቹ ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ እኔን የሚያግዝ ይመስላል።

ባዶ ቁጥር ነው እኮ፣ አለኝ። ባዶ! ሁለት ሰርቨር ነው ያለን፣ የደም ባንኩ ፕሮግራም አንደኛው ላይ ይሠራል፣ የጋራ ማህደረ ትውስታውን፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ጓዳ፣ የሚከፍተው በአርባ አንድ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ አርባ አንድን ማንም አይነካውም፣ ተይዞ ይቀመጣል፣ አንደኛው የወደቀ ቀን ደም ባንኩ እየሮጠ ወደ ሁለተኛው ሲመጣ ቦታው ክፍት ሆኖ እንዲጠብቀው፣ ይኼን ስንቴ ሰሌዳ ላይ ሣልኩለት፣ ሁለት ሣጥን፣ አንድ ቀስት፣ ገባኝ ገባኝ እያለ ስልኩን ይነካካል። ፋራ። አይ፣ ፋራ እንኳ አይደለም፣ ችኩል ነው።

አዲሱ ፕሮግራም የሚጫነው ሁለተኛው ላይ ነው፣ ሠሪዎቹ አርባ አንድን ሆዱ ውስጥ ጽፈውበታል፣ ሌላ ቁጥር አይቀበልም፣ ለመቀየር ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉ። ይፍጅ! ስልሳ ሁለት ክፍት ነው፣ ስልሳ ሦስት ክፍት ነው፣ ያሻቸውን ይውሰዱ።

ደብተሩ ክንዴ ሥር ነው። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠው ጋሼ ጡረታ ሲወጣ የሰጠኝ ይኼንኑ ነው፣ ጠርዙ በፕላስተር ተጠግኗል፣ ቁጥሩ ሁሉ ለማን እንደተያዘ ተጽፎበታል፣ የሚለዋወጠው በእርሳስ፣ የማይነካው በብዕር። አርባ አንድ በብዕር። ልጄ፣ አለኝ፣ በብዕር የጻፍኩትን ማንም ቢለምንሽ እንዳትሰጪ፣ በተለይ ለጊዜው ነው ለሚልሽ።

ሰጠሁ። አምና። ለጊዜው ነው፣ ለአንድ ቀን ሙከራ ነው ብለውኝ፣ ከብዕሩ አጠገብ በእርሳስ የሌላ ፕሮግራም ስም ጻፍኩ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ላይ አንደኛው ሰርቨር ወደቀ፣ ደም ባንኩ ወደ ሁለተኛው መጣ፣ ቁጥሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ አልነሳም አለ፣ አርባ ደቂቃ። የደም ባንኳ ሲስተር ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ በሬ ላይ ቆመች፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ አልጮኸችም፣ የኔ እህት፣ አለችኝ፣ ደሙ አለ፣ የትኛው ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ብቻ ንገሪኝ፣ አንዲት አራስ ደም እየፈሰሳት ነው። ማሽኑ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ። ፍሪጆቹን አንድ በአንድ ከፍተው በእጃቸው ፈለጉ። ተረፈች። ተረፈች አይደል፣ ታዲያ ምን ሆነ፣ አሉ ስብሰባ ላይ።

ምን ሆነ! ልጆች ሳለን እማዬ ወንድማችን ርቆ ሲሠራ የአልጋውን አንሶላ በየሳምንቱ ትቀይር ነበር፣ እኛ ሦስት እህትማማቾች አንድ ፍራሽ ላይ ተጨናንቀን፣ እማ፣ አንዳችን እንተኛበት፣ ባዶ ነው እኮ፣ እንላታለን፣ ባዶ አይደለም፣ የወንድማችሁ ነው፣ ትለናለች፣ እሱ የለም እኮ፣ ይመጣል። ስንት ጊዜ ሳቅንባት። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ሳያስታውቅ መጣ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ ማንንም ሳያስነሳ፣ ማንንም ምንም ሳይጠይቅ፣ ገባና ተኛ።

ካልፈረምሽ የሚፈርም ሰው አስቀምጣለሁ ብሏል አለቃዬ። ያስቀምጥ፣ ደብተሩን ለሚመጣው በእጁ እሰጠዋለሁ፣ ጋሼ ያለኝንም እነግረዋለሁ፣ ግን ዛሬ ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ብዕሬ የታለ። ይኸው። በእርሳሱ ምልክት ላይ፣ ወፈር አድርጌ፣ ተይዟል።

ስልኩ ይጮኻል። አቤት አለቃዬ። ፈረምሽልኝ? አልፈረምኩም። አንቺ ሴትዮ፣ ከእንግዶች ፊት ልታዋርጂኝ ነው እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁጥሩ ተይዟል። በማን? በደም ባንክ። ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ደም ባንክ የሚባል ነገር የለም፣ ራስሽ ነሽ ያሳየሽኝ፣ የለም እኮ!

ይመጣል፣ እለዋለሁ።