ቴክሳስ ሱቃችንን ያስዘጋችበት ሰኞ

እሺ፣ ይሄን ሳልናገር ካደርኩ እፈነዳለሁ! እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ያለው ስፓዛችን፣ ማለት የሰፈር ሱቃችን፣ ሰኞ ከሰዓት የተዘጋው በኔ የሂስትሪ ወረቀት ነው። በኔ!

ቲቸራችን ለማክሰኞ ፕሪዘንቴሽን ሰጥቶኛል፤ ቴክሳስ የሜክሲኮ በነበረችበት ጊዜ እዛ ስለሰፈሩት አሜሪካኖች። የተርሙ ማርክ ግማሹ እሱ ነው፣ ሞቼ ነው የተዘጋጀሁት! ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጥዬ ዩኒፎርሜን ልቀይር ገባሁ። ስመለስ አባቴ ዱካሞ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ዮአዳን፣ ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ቲቸር ነዋ፣ ምነው አባዬ?»

«‹የውጭ ሰዎች ከአገሬው በዙ› ይላል። ‹ከእንግዲህ እንዳይገቡ ተከለከለ› ይላል። ‹ፈቃደኞች መሣሪያ ይዘው መጡ› ይላል። በልጆቻችን በኩል ቆጥረው ሊያባርሩን ነው!»

ሳቄ መጣ። ለካ እሱ ሱቃችንን ዘግቶ፣ ለሀበሻ ባለሱቆች የዋትሳፕ ግሩፕ ድምፅ ልኮ ጨርሷል! ወጣ ብዬ ሳይ የማናሴ ሱቅ ብረት በር ቿ! የሙርሺዳ ቿ! ሁሉም የመኖሪያ ፐርሚቱን በፌስታል ይዞ ይሯሯጣል።

«አባዬ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ነው እኮ! እንግዶቹም አሜሪካኖች ናቸው!»

ቁጭ አለ። ግሩፑ ላይ «ይቅርታ፣ ነገሩ ሜክሲኮ ነው» ብሎ ጻፈ። ማናሴ ወዲያው፣ «ሜክሲኮ አደባባይ ደሞ ምን ሆነ?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። አባቴ አልሳቀም።

«እንግዶቹ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

«አመፁ። መሬት ይሰጣችኋል የተባሉ ወዶ ዘማቾችም ከአሜሪካ መጥተው አገዟቸው፣ ሜክሲኮን አሸንፈው አገሩን ወሰዱት።»

«ነገ ይሄን በአገሬው ልጆች ፊት ልትናገሪ? ስንት ናችሁ ክላስ ውስጥ?»

«አርባ ሁለት።»

«ከአርባ ሁለት ልጅ ለምን አንቺን መረጠ?»

ወይኔ! እስከዛች ደቂቃ አስቤው አላውቅም እኮ!

«ነገ ቅሪ። አሞኛል በይ።»

«ግማሽ ማርክ ነው አባዬ!» አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ ራት እምቢ አልኩ። ጠዋት በሩን ከፈተልኝና፣ «ሂጂ። ግን ማን ማን እንደሚስቅ እያየሽ ተናገሪ» አለኝ።

ተናገርኩ! «አገሩንም ወሰዱት» ብዬ ስጨርስ ሲቡሲሶ ከኋላ፣ «ዮ! በስፓዛ ነው የጀመሩት?» አለ። ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ የምሬን። ከዛ ዓይኔ ታንዴካን ፈለገ፣ የአገሬው ልጅ ናት፣ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የልብ ጓደኛዬ። አፏን በእጇ ይዛለች። ትሳቅ አትሳቅ አላወቅኩም።

ሰማንያ ስምንት አገኘሁ! ታንዴካ እየጮኸች አቀፈችኝ፣ «ዛሬ ቺፕስ በኔ ነው!»

እኔ ልክ እንደ አባቴ ምን ብላት ጥሩ ነው?

«ለምን?»