ከሺህ ቀጥሎ ያለው

ልብስ ሰፊው ዓይኑ መርፌ ማየት እምቢ ስላለው ሱቁን ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሴት ልጁ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ዕቃ ልታስርለት መጥታለች። ከዕቃው ይልቅ የከበዳት ግን የምትነግረው ነገር ነበር።

ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ አሮጌዋን የስፌት መኪና ለማንሳት ሲታገል፣ ልብስ ሰፊው «ቀስ! እሷ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ቁጥሯን አይተኸዋል?» አለው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አሳይተኸኝ የለም እንዴ? ከራሴ ስልክ ቁጥር በላይ ነው የማውቀው!»

«ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም። ያረጋገጠችው ይቺ ልጄ ናት፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

መኪናዋ ላይ በተመታው የናስ ሰሌዳ የተቀረጸው ቁጥር 1022117 ነበር። ያኔ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ጭር ሲል፣ አባቷ ጨርቁን ገፋ አድርጎ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይህን ቁጥር በጠመኔ ያካፍላል፤ እሷ ብቸኛ ቁጥሮችን ከትንሹ ጀምራ በተራ ትጠራለታለች። በቀን አንድ፣ ከዚያ አይበልጥም። «የዛሬው ተረኛ ማነው?» ይላል፣ ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ያለ ይመስል። ቀሪ ሲወጣ እጁን ያራግፍና፣ «ይሄም ጠበባት!» ብሎ ይስቃል።

እንዲህ እያሉ መቶ ስልሳ ስምንት ቀን ሄዱ። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርሱ፣ «በቃ አባዬ፤ ሺህ በሺህ ሲባዛ ሚሊዮን ነው፤ ቢካፈል ኖሮ ከሺህ በታች ባገኘነው ነበር። ከሺህ በላይ መሞከር አያስፈልግም» አለችው። አመናት።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። የመኪናዋ ቁጥር እኮ ሚሊዮን አይደለም፤ ከሚሊዮን በሃያ ሁለት ሺህ ይበልጣል። ሺህን አለፍ ማለት ነበረባቸው። አንድ ብቸኛ ቁጥር ቀርቷቸው ነበር፤ አንድ ብቻ።

ጫማ ሰፊው ሳጥን ፍለጋ ሲወጣ፣ «አባዬ፣ ያኔ ተሳስቼ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። «አንድ ሺህ ዘጠኝን አልሞከርነውም።»

 አባቷ የጠረጴዛውን ብጥስጣሽ ክር በክንዱ ጠርጎ ጠመኔ አነሳ። ዓይኑ ስለደከመ አኃዞቹን እንደ ሕፃን አግዝፎ ጻፋቸው። እሷም እንደ ድሮው ትከሻው አጠገብ ቆመች። ሦስት መቶ ሁለት ቀረ፤ ሰባትን አወረደ፤ ሦስት ጊዜ ደረሰው።

«ዜሮ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሺህ አሥራ ሦስት ወጣ። እሱስ ይካፈላል?»

«እሱ አይካፈልም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስዋሽ ኖርኩ በይኛ!»

«ይቅርታ አባዬ።»

«ይቅርታማ ትጠይቂኛለሽ! አንድ ከሰዓት በኋላ አጉድለሽብኛል።» ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው። «በቃ ባልሽኝ ማግስት፣ ምሳዬን በልቼ ጠረጴዛውን ጠርጌ ቁጭ ብዬ ነበር እኮ። አንቺ ከጓደኞችሽ ጋር ገመድ ልትዘይ ሄደሻል። እኔ የሚጠራልኝ ቁጥር ማለቁን ረስቼ እጠብቅሻለሁ።»